ቆንጥሬ የነገርኩት ሕመም

ሐምሌ 22

ዛሬ የደብረወርቅን ሩዝ ስናርም ዋልን። ውሃው እስከ ቅልጥም ነው። አረሙ ከሩዙ ጋር ተመሳስሎ ዓይን ያታልላል... እየዳበሱ መንቀል ነው።

ወንፈላችን ስድስት ሴት ነን። ዛሬ ለአንዷ፣ ነገ ለሌላዋ፣ ዞሮ ዞሮ ለሁላችን። በቀበሌያችን በቁሐር ሚካኤል ወንፈል ሳይዝ ሩዝ ያነሳ ቤት አላውቅም። የምትመራን ደብረወርቅ ናት። ጎረቤቴ ናት፣ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ አንዴ ካጎነበሰች ቀና አትልም።

ሦስት ሰዓት ላይ ወገቤ ጀመረኝ። ከዚያ ትከሻዬ፣ ከዚያ ክንዴ፣ ከዚያ የቱ እንደሆነ ለኔም ጠፋኝ። ወጥቼ ሾላው ሥር ተቀመጥኩ። ደብረወርቅ ከውሃው ውስጥ ሆና «ዛሬም ሆድሽ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ሆዴን ነው አልኳት።

ሆድ ደህና ነው። ሆዴን ያሉትን ሰው ይረዳዋል። ሁሉም ጋ ያመኛል ብላት ምን ትለኛለች? አማቴ እማማ ብርክቲ አንዲት አባባል አለቻቸው፣ «ሁሉም ጋ ያማታል ማለት ሥራ ጠልታለች ማለት ነው» የምትል። እሷን እየሰማሁ አሥራ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ሕመሙ ከጀመረኝ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ። ለማን ልንገረው? ለዚህ ደብተር። ልጄ ሉሊት ከስምንተኛ ክፍል ያስተረፈችው የሒሳብ ደብተር ነው፣ ግማሹ ባዶ ነበር። እኔ አሥረኛ ላይ ነው ያቆምኩት፣ እጅ ጽሑፌ ግን አሁንም ከሷ ይሻላል።

ሐምሌ 27

ወረታ ደርሼ መጣሁ። ክሊኒክ። ወረፋው እስከ መንገዱ ወጥቷል። ሐኪሙ ቀና ሳይል ምንሽን ነው አለኝ። ራሴን አልኩት፣ ትንሽ ትኩሳትም አለኝ። ራስ ለክሊኒክ ይመቻል።

ደም ሰጠሁ። ታይፎይድና ታይፈስ... ዘንድሮ ሦስተኛዬ። ወባ ግን የለብሽም አለኝ፣ ተመስገን።

ሦስት ጊዜ ያንኑ ክኒን ዋጥኩ፣ ሦስት ጊዜ ያው ነኝ። ባሌ ማረው የክኒኑን ልጣጭ ከመደቡ ላይ ሰብስቦ «ይሄ ዘር ቢሆን እስካሁን በቅሎ ነበር» አለ። ሳቅሁ። ማረው ሲጨንቀው ነው የሚቀልደው።

ነሐሴ 2

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል። ትንሽ ቆይቶ ይለቀኛል፣ እስኪለቀኝ ግን ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው። እማማ ብርክቲ አዩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጓያ ነው» አሉ።

እኛ ዘንድ የሩዙ ውሃ ሳይደርቅ ጓያ ይዘራል። ሁሉም ቤት አለ። ጓያ የሰበረውን ሰውም ሁሉም ያውቃል። ከታችኛው ጎጥ ያለው ባየህ ከልጅነቱ ጀምሮ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። በክፉ ቀን ወራት ሙሉ ጓያ ብቻ በልቶ ነው ይላሉ። እማማ ግን «ላብ ይዞሽ በማሳው መሀል አልፈሻል፣ እንፋሎቱ ነው» አሉኝ።

ባየህን እያሰብኩ ዋልኩ። የሱ እግር እንዴት ነበር የጀመረው? ሄጄ ልጠይቀው? ፈራሁ። አልሄድኩም።

ነሐሴ 6

የእኔ ቀን ነበር። አምስቱም በጠዋት መጡልኝ። ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለ ውሃ የለ፣ እነሱ ግን እንደ ሁልጊዜው።

ከራስ ማሳ ዳር ተቀምጦ ሰው የራስን አረም ሲነቅል ማየት... እንዲህ ያለ ውርደት አላውቅም። ሁለት ጊዜ ገባሁ፣ ሁለት ጊዜ ወጣሁ። አመተ ሥላሴ ከሁላችን ታናሽ ናት፣ ምላሷ ግን ከሁላችን ይረዝማል። «የባለቤቷ እጅ ንጹሕ፣ የኛ ጭቃ» አለች። ለኔ አይደለም ያለችው፣ ለውሃው ነው። ሰማሁ።

ሲመለሱ ደብረወርቅ ወደ ኋላ ቀረች። ፊቷ ላይ ክፋት የለም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

«ጸሐይነሽ፣ ሴቶቹ አጉረመረሙ። ኅዳር ላይ ለአጨዳው ካልቆምሽ በቦታሽ ሌላ እንተካለን። ከዚህ በላይ ልይዛቸው አልችልም።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ሩዝ ከደረሰ አይጠብቅም። አንድ ሳምንት ከቆየ ይረግፋል፣ ወፉም አለ፣ ከብቱም አለ። ማረው ብቻውን ያን ሁሉ አያጭደውም። ደግሞ ከወንፈል የተባረረች ሴት ስሟ እስክትቀበር ድረስ ሰነፍ ነው። ለሉሊትም ይተርፋታል።

ነሐሴ 7

አላለቀስኩም።

ውሸት ነው። አለቀስኩ።

መስከረም 14

ሌላ ክሊኒክ። በዚህኛው ጉልበቴን ብቻ አልኩ። ስለ ጓያ ልጠይቅ አስቤ አፌ እምቢ አለኝ። አዎ ነው ቢለኝስ?

የሪህ ምርመራ አደረጉልኝ። ሰውዬው ወረቀቱን አየና «ምንም የለብሽም፣ ደምሽ ከኔ ደም ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ደግ ሰው ነው፣ ሊያስደስተኝ ነው። እኔ ግን በሩ ላይ ስደርስ ወኔዬ ከዳኝ። የሆነ ነገር ተገኘብሽ ቢለኝ እልል ባልኩ። በሽታ ይገኝብኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ? አለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እማማ ብርክቲ ውጤቱን ሲሰሙ «ተመስገን» አሉ፣ ቀጥለውም «አላልኩም?» ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ቆይ፣ ጓያ ነው ያሉት እሳቸው አልነበሩም? አሁን ጓያውም ቀረና ወደ ሥራ ጠልነቴ ተመለስን።

ጥቅምት 9

ከወንዛዬ መጣሁ። ስድስት ቀን ፍል ውሃ። እዚያ ለጠየቀኝ ሁሉ ወገቤን ነው አልኩ፣ ወገብ ለፍል ውሃ ይመቻል።

ውሃው ውስጥ ሳለሁ... ኧረ እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ ሰውነቴ የራሴ ሆነ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳቅሁ። ስወጣ መልሶ ያዘኝ። በዚያ ላይ ስድስት ሌሊት መሬት ላይ መተኛቱ፣ የመኪናው ንጠት... ከመጣሁ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ነኝ።

ሩዙ ፍሬ ይዟል። ማረው ዘንድሮ ጥሩ ነው ይላል። ደስ ሊለኝ በተገባ፣ ግን ጥሩ ከሆነ አጨዳውም ብዙ ነው።

ጥቅምት 21

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ወረታ ገበያ ሄጄ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋኝ። ሻጯ ምን ልስጥሽ ትለኛለች፣ እኔ ቆሜ አያታለሁ። ጨው ነበር። ቤት ገብቼ ትዝ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሜዳችን ላይ የሚተኛው ጉም ራሴ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለኝ።

እንቅልፍስ? እተኛለሁ። ስነቃ ግን እንደ በሬ ተጠምጄ ሳርስ ያደርኩ ያህል ነኝ። ተኝቶ መድከም ምን ይባላል? ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እማማ ብርክቲ ከኔ ቀድመው ይነሳሉ።

አጨዳው አንድ ወር ቀረው።

ኅዳር 3

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው።

ኅዳር ሚካኤል ስለደረሰ ንስሐ ልገባ ወደ መምሬ ይሄይስ ሄድኩ። የነፍስ አባታችን ናቸው። ያጋቡኝም፣ ሉሊትን ያጠመቁልኝም እሳቸው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከጥዱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዋሽቻለሁ አባ አልኳቸው። ለደብረወርቅ ሆዴን አልኩ። ለአንዱ ክሊኒክ ራሴን፣ ለሌላው ጉልበቴን። ወንዛዬ ላይ ወገቤን። ለባሌ ደክሞኝ ነው እላለሁ።

«ውሸቱ የትኛው ነው?» አሉኝ።

አሰብኩ። ከዚያ አንዱም ውሸት አይደለም አባ፣ ሁሉም ጋ ያመኛል አልኳቸው። በሰው ጆሮ ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ምድር ትከፈታለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተከፈተችም።

መምሬ ጺማቸውን ነካኩ።

«ኃጢአትሽን ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ይፋግ ላለ ቄስ ብትናዘዥ፣ ተናዘዘች ይባላል?»

አይባልም አባ።

«ሐኪምም እንደዚያው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? አንች እንኳ አልደበቅሽም። ቆንጥረሽ ቆንጥረሽ ለየሰዉ አደልሽው። ቁንጥሩን ያየ ሙሉውን በምን ያውቃል?»

ስግደት ያዙብኛል ብዬ ጉልበቴን እያሰብኩ ስፈራ ነበር። ስግደት የለም አሉ። ቀኖናዬ ይኸውና... ባሕር ዳር ሄጄ፣ ሐኪም ፊት ተቀምጬ፣ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ያለውን አንድም ሳላስቀር መናገር። አንዱን ካስቀረሁ ቀኖናው አልተፈጸመም፣ ተመልሶ መሄድ ነው።

እንዲህ ያለ ቀኖና ሰምቼ አላውቅም። እየሳቅሁ ወጣሁ። ንስሐ ገብቶ እየሳቀ የሚወጣ ሰው! በር ላይ የነበሩ አሮጊት በጥርጣሬ አዩኝ።

ኅዳር 5

ቀኖናውን በማረው ተለማመድኩ። ከብቶቹን አስገብቶ ሲቀመጥ ሁሉንም ልነግርህ ነው፣ እስክጨርስ ዝም በል አልኩት። ዝም አለ። ስለ ጨው ስነግረው እንኳን አልቀለደም።

ስጨርስ «ይህን ሁሉ ስትሸከሚ እኔ የት ነበርኩ?» አለኝ።

እዚሁ ነበርክ፣ ደክሞኝ ነው እያልኩ ስሸነግልህ። ዞር ብሎ አፍንጫውን ጠረገ። አብሬሽ እሄዳለሁ አለ፣ ከብቶቹን ለወንድሙ ለደሳለው ሰጥቶ።

ኅዳር 8

ባሕር ዳር። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ትናንት ነው የተከፈተው። ከወረታ በጠዋት ተሳፈርን። ሆስፒታሉ ውስጥ ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ፣ ሌላ ወረፋ...

ዶክተሯ እየሩስ ትባላለች። ልጅ ናት፣ የእህቴ ልጅ ናት ብባል አይደንቀኝም። ምንሽን ነው ስትለኝ ምን ብል ጥሩ ነው?

ራሴን!

ልማድ። እሷም ራስ ምታት ብላ መጻፍ ጀመረች። ማረው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ዶክተር ይቅርታ» አልኩ፣ «ቀኖና አለብኝ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ነገርኳት። ከፀጉሬ ጀመርኩ፣ ሲበጠር እንኳ የሚያመኝን። አንገቴ፣ ትከሻዬ፣ ክንዴ፣ ጣቶቼ፣ ወገቤ፣ ዳሌዬ፣ ጉልበቴ፣ ጠዋት የሚደርቀው እግሬ። ሆዴ አንዳንዴ በእውነትም ያመኛል፣ እሱንም። እንቅልፉን። ጉሙን፣ ጨውን። ሌላ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ትንሽ ይጠብቁ ትላለች። ከመቼ ጀምሮ ስትለኝ ደብተሬን አወጣሁ። ስጨርስ ላብ አጥምቆኛል።

ከዚያ በአውራ ጣቷ ትጫነኝ ጀመር። ማጅራቴን፣ ትከሻዬን፣ ክርኔን፣ ዳሌዬን፣ የጉልበቴን ጎን። ቀስ ብላ ነው የምትጫነው፣ እኔ ግን እሾህ እንደ ወጋው ሰው ብድግ እላለሁ። እዚህስ? እዚያም። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታች። በእግር ጣቴ አስኬደችኝ፣ በተረከዜ አስኬደችኝ። እንደምንም ብዬ ጓያ ነው ወይ አልኳት።

«አይደለም» አለች። «ጓያ ቢሆን እግርሽ እንዲህ አይታዘዝልሽም ነበር።»

ሦስት ወር ሙሉ ምርኩዝ በሕልሜ ሳይ ከርሜ... በአንዲት ቃል። ወንበሩ ላይ ተደገፍኩ፣ ማረው ውሃ አቀበለኝ።

ደም ወሰዱ። ሪሁንም፣ የእንቅርቱን ዕጢም፣ ሌላ የሚመስለውን ሁሉ ማጣራት አለብኝ አለች። በሳምንቱ ተመለሺ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ታቦቱ ሲወጣ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። መምሬ ይሄይስ በሩቁ አዩኝና በዓይናቸው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው፣ አንድም አላስቀረሁም።

ሩዙ ቢጫ ሆኗል። ደብረወርቅ ማጭዷን ስታስል አየኋት። ሰላም አለችኝ፣ ስለ አጨዳው ግን ምንም አላነሳችም።

ኅዳር 15

ዛሬን እንዳልረሳ። ጉም ቢመጣ እንኳ ይህችን ገጽ እንዳልረሳ።

ዶክተር እየሩስ ወረቀቶቹን ደርድራ «ሁሉም ንጹሕ ነው» አለች። እኔም ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ተነሳሁ። የለመድኩት ነው። ደምሽ ከኔ ደም ይሻላል... አውቃታለሁ።

«ተቀመጭ እንጂ፣ አልጨረስኩም።»

ተቀመጥኩ።

«ደምሽ ንጹሕ ነው ማለት አልታመምሽም ማለት አይደለም። ይህ ሕመም በደም አይታይም፣ በራጅም አይታይም። የሚታየው ሰው ሙሉውን ሲናገርና ሌላው ሁሉ ሲጣራ ነው። ስምም አለው። ፋይብሮማያልጂያ።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። በፊደል በፊደል ጻፍኩት። ፋይ፣ ብሮ፣ ማያ፣ ልጂያ። ምን ማለት ነው አልኳት። እናንተ ቤት ውሻ አለ? አለችኝ። አለ። ሌባ ሳይመጣ ሌሊቱን ሁሉ የሚጮህ ውሻ አላየሽም? አይቻለሁ። ነርቭሽ እንደዚያ ሆኗል፣ ጩኸቱ ግን እውነተኛ ጩኸት ነው፣ አንችም በእውነት ነው የምትሰሚው አለች።

እውነተኛ ጩኸት ነው አለች። ዶክተር ናት ያለችው!

ለምንድነው እስከ ዛሬ ያልተገኘው አልኳት። እሷም ጥፋቱን ለኔ ብቻ አልሰጠችም። እኛም ያየነውን አንዱን ይዘን እንሮጣለን፣ ሁሉን ለመስማት ጊዜ ይፈልጋል፣ ውጭ ያለውን ወረፋ አይተሻል አለችኝ። ብዙ ሰው ስሙን ሳያገኝ ዓመታት ይቆያል አለች።

ይነቀላል ወይ አልኳት። አልዋሸችኝም። አይነቀልም፣ ይገራል እንጂ። ማታ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ክኒን ሰጠችኝ። በየቀኑ ትንሽ በእግር መሄድ። ሥራን ከፋፍሎ መሥራት፣ ድካሙ ሳይሰብረኝ ማረፍ። ሙቅ ውሃም ደግ ነው፣ መሬት ላይ መተኛቱ ነው የጎዳሽ አለች።

ከክፍሉ ወጥቼ መተላለፊያው ላይ እልልታዬን አቀለጥኩት። ዘበኛው ሮጦ መጣ፣ «ማን ወለደ?» አለ። ማንም አልወለደም፣ በሽታዬ ስም አገኘ አልኩት። ማረው በሀፍረት ግድግዳውን ሲያይ ነበር፣ ጥርሱ ግን አልተከደነም።

ኅዳር 16

እማማ ብርክቲ ስሙን ሦስቴ አስደገሙኝ። ከዚያ «ሥራ ጠል ማለት በፈረንጅ አፍ ይሆን?» አሉ።

ማረው ተቆጣ። እኔ አልተቆጣሁም። ትናንት ቢሆን ይወጋኝ ነበር፣ ዛሬ አሳቀኝ። ስም ያለው ሰው አይሰደብም።

ኅዳር 19

ደብረወርቅ ግቢ ተሰበሰብን፣ የአጨዳውን ተራ ልናወጣ። ከመጀመራቸው በፊት ተነሳሁ። አምስቱንም አንድ ላይ እያየሁ ተናገርኩ። ሆዴን ያልኳችሁ ሌላውን ደብቄ ነው። ሁሉም ጋ ነው የሚያመኝ፣ ስሙ ይኸው፣ ወረቀቱ ይኸው። ልወጣ አልፈልግም። ሙሉ ቀን ማጨድ አልችልም፣ እስከ አምስት ሰዓት ግን እችላለሁ። አንድ ቀን ለምትሰጠኝ ሁለት ጠዋት እመልሳለሁ።

አመተ ሥላሴ ቀድማ አፏን ከፈተች። ወንፈል ወንፈል ነው፣ የግማሽ ቀን ወንፈል ተሰምቶ አያውቅም አለች። ሌሎች ሁለት ራሳቸውን እየነቀነቁ ደገፏት። አለቀልኝ ብዬ ነበር።

ደብረወርቅ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «አንች አመተ ሥላሴ» አለች፣ «አምና ሆድሽ ገፍቶ ሳለ ምን ነበር የምትሠሪው?»

ነዶ ሳስር ነበር አለች።

«ተቀምጠሽ?»

ተቀምጬ።

«ቀንሽን ጎደሎ ብሎ የቆጠረብሽ ሰው አለ?»

ደብረወርቅ ዞር ብላ አየችኝ። ጸሐይነሽ ነዶ ታስራለች፣ ሁለት ጠዋት ለአንድ ቀን፣ ያልተስማማች ካለች አሁን ትናገር አለች። ማንም አልተናገረም።

አለሁ! ወንፈል ውስጥ አለሁ!

ኅዳር 28

የኔ ሩዝ ታጨደ። አምስቱ ከማረው ጋር አጨዱ፣ እኔ አሰርኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ደብረወርቅ ራሷ ውጪ አለችኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻው ነዶ ታሰረ። አንድ ፍሬ አልረገፈም ማለት ባልችልም ወፎቹ ተከፍተው ሄዱ።

እጄ ያመኛል። ትከሻዬም። እና ምን ይጠበስ?

ታኅሣሥ 2

ዛሬ ተኝቼ ነቃሁ። በእውነት ተኝቼ። ይኸው ነው የምጽፈው።

ታኅሣሥ 9

ተመልሶ ያዘኝ። ብርዱ ነው? ትናንት ከልክ በላይ ጎንበስ ብዬ ነው? ዛሬ ለደብረወርቅ ሁለተኛ ጠዋቴ ነበር። ሄጄ ከበሯ ላይ ቆምኩ።

«የት ጋ ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም ጋ።»

«እሺ። ነገ ነይ።»

በቃ። ይህቺ ናት ሁለት ዓመት ያስለቀሰችኝ ቃል። ወደ ቤት ስመለስ እያመመኝ ዘፈንኩ።

ጥር 23

ከእማማ ብርክቲ ጋር በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሩዝ እንለቅማለን። እጃቸው ቆመ።

«ያንን ስም እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩላቸው።

«የት የት ነው የሚያመው?»

ሁሉም ጋ እማማ። ያውቁት የለ?

ወደ ሩዙ እያዩ፣ ቀስ ብለው «እኔንም» አሉ። «ከስንት ዓመቴ። ያችን አባባል ያወጣኋት እኔ እንዳይመስልሽ። አማቴ ነበሩ የሚሉኝ። እኔም የዋጥኩትን አንችን አጎረስኩሽ።»

ልቆጣ ፈለግሁ። አሥራ ስድስት ዓመት! እጃቸውን ስይዘው ግን እንዴት ያለ ቅዝቃዜ ነው፣ በዚያ ፀሐይ ላይ። እሳቸውስ ለማን ይናገሩ ነበር? ለደብተር እንኳ ፊደል አልቆጠሩ። ባሕር ዳር አብረን እንሄዳለን አልኳቸው። ቀኖናውንም አስረዳኋቸው፣ አንድ እንኳ እንዳያስቀሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲቆጥሩ ዋሉ።

የካቲት 6

እማማ ብርክቲ ለዶክተር እየሩስ ሲናዘዙ ከኔ በለጡ። ጥርሳቸው የወለቀበትን ቀን ሳይቀር ነገሯት።

ውጤቱ ዛሬ ወጣ። የሳቸው የኔው አይደለም። የእንቅርቱ ዕጢ ደክሞ ነው፣ ብርዱንም ድካሙንም ሕመሙንም የሚያመጣው እሱ ነው አለች። በየጠዋቱ አንድ ክኒን፣ ቀስ በቀስ ይሻላቸዋል። የሁለታችሁ ንግግር አንድ ነው፣ በሽታው ግን ሁለት፣ ያንችንም ደም አስቀድሜ ያየሁት ለዚህ ነበር አለችኝ። አሁን ገባኝ።

መኪና ውስጥ ለረዳቱ ሳይቀር አወሩለት። «የኔው በደም ይታያል። የምራቴን ግን እሷ ካልተናገረች ማን ያየዋል?» አሉና በኩራት ተኮፈሱ። እስከ ወረታ ድረስ ሳቅሁ። ወርጄ ጎኔን ያመኝ ነበር፣ ከሳቅ ይሁን ከበሽታው አልለየሁትም።

ሐምሌ 22

ዓመት ሆነ። የደብረወርቅ ሩዝ፣ ያው ውሃ፣ ያው አረም። ደብተሩም ሊያልቅ ሁለት ገጽ ቀርቶታል።

ደብረወርቅ ስድስተኛ ልጇን አርግዛለች። ባለፈው ሳምንት «ዘንድሮ ወንፈሉን አንች ያዥልኝ» ስትለኝ የምትቀልድ መሰለኝ። አልቀለደችም። እኔ? ግማሽ ቀን የምሠራው? አንች እኮ ሥራ ሳይጀመር ሰውን የት እንዳመመው ትጠይቂያለሽ አለችኝ።

እውነቷን ነው። ውሃው ዳር ስንሰበሰብ እያንዳንዷን ዛሬ የት ጋ ነው እላለሁ። መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር። አሁን ይናገራሉ። ወገቧን ያመማት ከዳር ቆማ ታርማለች፣ እጇን ያመማት የተነቀለውን ታወጣለች። አረሙ ከአምናው አንድ ቀን ቀድሞ እያለቀ ነው፣ ይህን ማረውም ቆጥሮ መስክሯል።

ዛሬም ጠየቅሁ። የአመተ ሥላሴ ተራ ደረሰ።

«ሁሉም ጋ» አለች።

ማንም አልሳቀም። እኔም ምንም አልጠየቅኋትም። ከኔ ጋር ከዚህ ጥግ ጀምሪ አልኳት። ጎን ለጎን አጎነበስን። በመሀል ከሁለት ዓመት ጀምሮ ነው አለችኝ፣ ለውሃው ሳይሆን ለኔ። ባሕር ዳር የሚኬድበትን ቀን ነገርኳት፣ ቀኖናውንም ጨምሬ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ቀና ብዬ ወጣሁ። ደብረወርቅ ሆዷን ታቅፋ ሾላው ሥር ተቀምጣለች። እየሳቀች «ዛሬም ሆድሽ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት፣ «ሰዓቴ ነው።»

እግሬን ታጥቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ አመተ ሥላሴም ከውሃው ወጣችና አጠገባችን ተቀመጠች።